የመሄድ ናፍቆት፤ የሴኔጋል ወጣት በነፃነት ማግስት

1. መግቢያ

ናፍቆት የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ኋላ ነው። ስደተኛው አገሩን፣ ወታደሩ ቤቱን፣ ተማሪው እናቱን ይናፍቃል። ገና በዓይን ያልታየ አገር ናፍቆት ግን ሲነሣ የልጅነት ሞኝነት ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሁለተኛው ናፍቆት እንደ ታሪክ ማስረጃ ሊነበብ እንደሚገባው ማሳየት ነው። ለዚህም የተመረጠችው ሴኔጋል ናት። ደራስያኗና የፊልም ሰዎቿ ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዐሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ የተነሣውን ወጣት ደጋግመው ጽፈውታል፤ ቀርጸውታልም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ዳካርና ወደቧ

ዳካር ከ1902 ጀምሮ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ርእሰ ከተማ ነበረች። መሥሪያ ቤቶቿ የተደራጁት ስምንት ግዛቶችን ለማስተዳደር ነው። ሴኔጋል ጁን 20 ቀን 1960 ከዛሬዋ ማሊ ጋር በፌዴሬሽን ተጣምራ ነፃ ወጣች፤ ፌዴሬሽኑም ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ ኦገስት 20 ቀን ፈረሰ። ለስምንት ግዛቶች የተሠራችው ከተማ ዋና የወጪ ንግዷ ኦቾሎኒ ለሆነ አንዲት አነስተኛ አገር ቀረች። ሰንደቅ ዓላማው ተለወጠ፤ ሌዎፖልድ ሴዳር ሴንጎርም ፕሬዚዳንት ሆነ። የትምህርቱ ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ እንደሆነ ቀጠለ፤ መርከቡም እንደ ወትሮው ወደ ማርሴይ ይጓዝ ነበር።

መንገዱ አዲስ አልነበረም። ከሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ የተነሡ የሶኒንኬ ወንዶች በመርከበኝነት፣ ቆይተውም በፋብሪካ ሠራተኝነት ፈረንሳይ ይገቡ ነበር። በ1923 በዚጊንሾር የተወለደው ኡስማን ሴምቤንም ደራሲ ከመሆኑ በፊት በማርሴይ ወደብ ጭነት ያወርድና ይጭን ነበር፤ በ1956 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የተቀዳው ከዚሁ ሕይወት ነው። እንግዲህ የወጣቱ ምኞት ከባዶ የበቀለ አይደለም። ወደቡ፣ ትምህርት ቤቱና የሥራ ገበያው አንድ ላይ ሆነው ለዓመታት ያበጁት ነው።

3. ሁለቱ ዲዋናዎች

ሴምቤን በአንድ የደቡብ ፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ከወጣች አጭር ዜና ተነሥቶ የጻፈው አጭር ልቦለድ «ቮልታይክ» በተባለው የ1962 መድበሉ ውስጥ ይገኛል። ባለታሪኳ ዲዋና አሠሪዎቿን ተከትላ ከዳካር አንቲብ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ትሄዳለች፤ በዚያም ራሷን ታጠፋለች። የልቦለዱ መቼት ጁን 1958 ነው፤ ማለትም ከነፃነት ሁለት ዓመት በፊት። ደራሲው ራሱ በ1966 ወደ ፊልም ሲለውጠው ግን ታሪኩን ከነፃነት በኋላ አደረገው።

ለውጡ የጥቂት ዓመታት ብቻ ቢመስልም የክሱን አድራሻ ያሰፋዋል። የ1958ቷ ዲዋና የቅኝ ግዛት ተገዢ ናት፤ ለደረሰባት በደል የሚጠየቀው ገዢው ነው። የፊልሟ ዲዋና ግን የነፃ አገር ዜጋ ናት። ሆኖም ሥራ የምትፈልገው ከሌሎች ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ተቀምጣ የነጭ እመቤት መምጣትን በመጠበቅ ነው። እመቤቲቱ ስትመጣ ሌሎቹ ይሻማሉ፤ ዲዋና ከተቀመጠችበት አትነሣም፤ የምትመረጠውም በዚሁ ነው። ተመልካቹ ነፃነቱ ለዚህች ልጅ ምን አመጣላት ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ፈረንሳይ እንደምትሄድ ያወቀች ጊዜ ዲዋና በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች በቆመው ሐውልት ላይ ወጥታ በባዶ እግሯ ትቦርቃለች። ወዳጇ ተቆጥቶ ያወርዳታል። ይህን ትዕይንት እንደ ድንቁርናዋ ምልክት ብቻ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ለወጣቱ ሐውልቱ በሌላ አገር ጦርነት ያለቁት አፍሪካውያን መታሰቢያ ነው። ለእርሷ ግን በከተማዋ ውስጥ ደስታዋን የምታሳይበት ከፍ ያለ ስፍራ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ልዩነታቸው እርሱ ያለፈውን፣ እርሷ የሚመጣውን መመልከታቸው ነው።

አንቲብ ስትደርስ የሚጠብቃት ማድ ቤትና መኝታ ክፍል ነው። በዳካር ልጅ ጠባቂ የነበረችው እዚህ አብሳይና አጣቢ ትሆናለች። እንግዶች ተሰብስበው ስለ አፍሪካውያን ነፃነት ሲያወሩ ምግቡን የምታቀርበው እርሷ ናት። ከእናትሽ ነው የተባለ ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ ስለማትችል የሚያነብላት አሠሪዋ ነው፤ መልሱንም በእርሷ ስም መጻፍ የሚጀምረው እርሱው ነው። ዲዋና ደብዳቤውን ትቀደዋለች። በፊልሙ የምንሰማው የውስጥ ንግግሯም በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ድምፁ የተዋናይቷ የምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ ሳይሆን የሄይቲዋ ድምፃዊት የቶቶ ቢሳንት ነው። ከቃሏ የተነጠለችው ሴት በፊልሙም በውሰት ድምፅ ትናገራለች።

በአጭር ልቦለዱ መጨረሻ ላይ ጋዜጣው የሞቷን ምክንያት ናፍቆት ይለዋል። ምጸቱ እዚህ ላይ ነው። በእርግጥም ናፍቆት ነበረባት፤ የጋዜጣው ናፍቆት ግን ደመወዙን፣ የተዘጋውን በርና የአሠሪዎቿን ስድብ የሚሸፍን ቃል ሆኖ አገልግሏል።

4. የተላከው፣ የተሳፈረችውና የቀረው

ዲዋናን ብቻዋን ከማየት ይልቅ ከሁለት ሥራዎች መካከል ማስቀመጥ ይጠቅማል። በሼክ ሐሚዱ ካን የ1961 ልቦለድ ውስጥ ሳምባ ዲያሎ ፓሪስ የሚሄደው ለፍልስፍና ትምህርት ነው። ወደ ባዕድ ትምህርት ቤት እንዲገባ የወሰኑት ታላላቆቹ ናቸው፤ ጉዞው የማኅበረሰብ አደራ ነው። ዲዋናን ግን ማንም አደራ አልሰጣትም፤ ምኞቷ የራሷ ነው።

በጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ የ1973 ፊልም «ቱኪ ቡኪ» ውስጥ ደግሞ የከብት ቀንድ በታሰረበት ሞተር ብስክሌት የሚዞሩት ሞሪና አንታ ለመርከብ መሳፈሪያ ይሰርቃሉ። በመካከሉ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በ1968 የዳካር ተማሪዎችና ሠራተኞች ዐመፁ፤ ፈረንሳይ ለኦቾሎኒ ትሰጠው የነበረው የዋጋ ድጎማ ቀረ፤ ድርቅም ገባ። አደራም ሆነ አሠሪ የለም፤ የቀረው መውጣት ብቻ ነው። መሰላሉ ሥር ሲደርሱ አንታ ትሳፈራለች፤ ሞሪ ዞሮ ይሮጣል። ማምቤቲ የቀረውን አያሞግስም፤ የሄደችውንም አይኮንንም።

5. ማጠቃለያ

ከሦስቱ ሥራዎች የምንረዳው የመሄድ ናፍቆት እንደየዘመኑ መልኩን እንደሚለውጥ ነው፤ መጀመሪያ የታላላቆች አደራ፣ ቀጥሎ የግል ተስፋ፣ በመጨረሻም ማምለጫ ይሆናል። ፈረንሳይ በጁላይ 1974 ለሥራ የሚገቡትን ባገደች ጊዜ በሩ ጠበበ እንጂ ናፍቆቱ አልቆመም፤ በ2006 ብዙ ሴኔጋላውያን በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ ካናሪ ደሴቶች ተጉዘዋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ወደ ቤይሩትና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱትን እኅቶቻችንን የምንገልጽባቸው ቃላት ሁለት ናቸው፤ ወይ ተታለሉ ወይ ተሰደዱ እንላለን። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና ሁለቱም የሄደችውን ሰው ፈቃድና ተስፋ ያስቀራሉ። የዲዋና አሠሪ ያልገባው ይኸው ነው፤ ከሞተች በኋላ ደመወዟን ይዞ ዳካር ድረስ ሲሄድ እናቷ ገንዘቡን አልቀበልም አለች። ልጇ የሄደችው ለገንዘብ ብቻ አልነበረምና። ስለ መሄድ የሚጽፍም ሆነ የሚመራመር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ምን ለማየት ተስፋ ያደርግ እንደነበረ ነው።