የዳግማዊ ምኒልክ ኑዛዜና የተሰወረው ሞት

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ መሆኑን፥ በሕይወት ሳለ ግን ኃይል የሌለው መሆኑን ያስረዳል። ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የተለየ አንቀጽ አለው። ስለዚህ በሀገራችን አስተዋይ አባወራ ደዌ ሲጸናበት የንስሐ አባቱን አስጠርቶ፥ ሽማግሎችን በምስክርነት አስቀምጦ፥ ርስቱን ማን እንደሚወርስ፥ ሕፃናቱን ማን እንደሚያሳድግ፥ ተዝካሩም ከምን እንደሚወጣ ይናገራል። ይህን ሳያደርግ ያረፈ እንደ ሆነ ለልጆቹ ከርስት ይልቅ ሙግት አወረሳቸው ይባላል።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክም ይህንኑ የአባወራ ሥርዓት በመንግሥት መጠን አሰናዱት። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱን ሥራ ከፋፈሉ። ደዌው እየበረታ በሄደ ጊዜ በግንቦት 1901 ዓ.ም. መኳንንቱን ሰብስበው፥ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፥ የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረገድን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አወጁ። ወራሹ ገና ልጅ ነበረና ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴና ሞግዚት ሆኑለት። ቃሉም በመሐላና በርግማን ታሰረ። ብዙ ነገሥታት ሞታቸውን ለማሰብ እየፈሩ አልጋውን ለጦርነት ትተውት ስለ ሄዱ፥ በዚህ ነገር ምኒልክን ማመስገን ይገባል።

ይሁን እንጂ ኑዛዜው በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ነበረ። ከጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ደከመ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ተደረገ። በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ቢትወደድ ተሰማ አረፉ፤ በእግራቸውም የተተካ እንደራሴ አልነበረም። ተናዛዡ ሌላ ሞግዚት እንዳይሾሙ አንደበት የላቸውም፤ ኑዛዜውም እንዳይፈጸም እርሳቸው በሕይወት አሉ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሁከት ይነሣል በሚል ፍርሃት ሞታቸው ሳይነገር ቀረ። አስከሬኑም በግቢው ውስጥ ባለችው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በስውር ተቀበረ። ነጋሪት አልተጎሰመም፥ አዋጅ አልተነገረም፥ ልቅሶ አልተቀመጠም። በአድዋ ያን ያህል ሠራዊት ያዘመቱ ንጉሥ፥ አንድ የገጠር ባላገር የሚያገኘውን የአደባባይ ልቅሶ አጡ። በሹክሹክታ የጸለዩት ጸሎት ወደ እግዚአብሔር አይደርስም አልልም፤ ይደርሳል። ነገር ግን ልቅሶ ለሟቹ ብቻ የሚደረግ አይደለም። አባት መሞቱን አገር ሁሉ ሰምቶ፥ ከሣልስቱ እስከ ሙት ዓመቱ እየቆጠረ፥ ወራሹን በአባቱ ወንበር ለማየት ልቡን የሚያሰናዳበት ጊዜ ነው። ሞቱ ሲሰወር ይህ ሁሉ አብሮ ተሰወረ። ያልሞተ ንጉሥ ደግሞ ወራሽ አይነግሥለትም፤ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መንግሥቱን ይዘው ቆዩ። ከሌሎቹ ምክንያቶች ጋር ይህ አንዱ መሆኑን አልጠራጠርም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ለመሻር በተሰበሰቡ ጊዜ ዋናው ጭንቀት የዚያ የ1901 መሐላ ነበረ። ብዙዎች የሟቹን ርግማን ፈርተው ሲያመነቱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቷቸው። በሕዝብ ፊት ያልተለቀሰላቸው ንጉሥ ቃል ከሰባት ዓመት በኋላም ሰውን ያስፈራ ነበር።

በዚያው ቀን ንግሥተ ነገሥታት የተባሉት፥ በኑዛዜው ለአልጋው ያልተጠሩት ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ ናቸው። አባታቸው ካረፉ በኋላ ከአዲስ አበባ ርቀው በፋሌ እንዲቀመጡ ተደርገው ነበር። ከነገሡ በኋላ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን አሠርተው የአባታቸውን አፅም በክብር ወደዚያ አፈለሱ። እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አርፈው ነበርና የእርሳቸውም አፅም ኋላ ከባለቤታቸው ጎን አረፈ። ንግሥት ዘውዲቱም በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ ለአባታቸው ባሠሩት መቃብር ቤት ተቀበሩ።