ከአቃቂ ሰማይ እስከ ፋብሪካው አዳራሽ፦ ጭንቀትና የነርቭ ሥርዓት

መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ የጦር አውሮፕላኖች በአቃቂ የነበረውን የአውሮፕላን ማረፊያ አጠቁ። እንዲህ ባለው ሰዓት ሹምም ሆነ ገበሬ ሰውነቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ እግር ለሩጫ ይሰናዳል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ምሥጢሩን አብራርቷል። ሲምፓቴቲክ የተባለው የነርቭ ክፍል ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ሲቀሰቅስ አድሬናሊን ከደም ይቀላቀላል፤ ደምም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያዘነብላል። አደጋው ሲያልፍ ፓራሲምፓቴቲክ የተባለው ተጓዳኝ ክፍል ሰውነትን ወደ ዕረፍቱ ይመልሳል።

አደጋው ባያልፍስ? ከአቃቂው ጥቃት ሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን በብርድ፣ በመርዝና ከዐቅም በላይ በሆነ ድካም ሲፈትን፣ መንሥኤው ቢለያይም ጉዳቱ አንድ ሆኖ አገኘው፤ የኩላሊት ራስ ዕጢዎች አብጠው፣ የጨጓራ ግድግዳ ቆስሎ ታየ። ኋላም ለዚህ ሁኔታ «ስትሬስ» የሚለውን፣ በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ቃል ሰጠው።

መሐንዲስ እንደሚያውቀው፣ ብረት አንድ ጊዜ የቻለውን ጭነት ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት ዝሎ ይሰበራል። ሰውም በጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ጭነቱ ባለመነሣቱም ይጎዳል። ጭንቀት ሲረዝም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከልክ ያልፋል፤ እንቅልፍ ይታወካል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በሽታን የመከላከል ኀይል ይደክማል። ይሁን እንጂ ብረት ስንጥቁን ራሱ አይጠግንም፤ ሰው ግን ዕረፍት ካገኘ ያገግማል።

አቃቂ ቃሊቲ ዛሬ የፋብሪካ ሠፈር ነው። የማያቋርጥ የመኪና ጩኸትና የሌሊት ፈረቃ እንደ ጦር አውሮፕላን አያስደነግጡም፤ ነገር ግን በየዕለቱ ይመላለሳሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ የወሰነው ለዚህም ይጠቅማል። መኪናውን የሚተክል፣ ጩኸቱን የሚያፍን፣ ፈረቃውን የሚደለድል መሐንዲስ የሠራተኛውን ነርቭ ጭነት አብሮ ይነድፋል። ለድልድይ የሚታሰበው የደኅንነት ልክ በድልድዩ ላይ ለሚያልፈው ሰውም ሊታሰብ ይገባል።