ከመስተዋት ሰሌዳ እስከ ኤሌክትሮኒክ ገጽ፤ ስለ «መዝመም» ስያሜ

እ.ኤ.አ. በ1883 አንድሪው ኤይንስሊ ኮመን ለንደን አጠገብ በኢሊንግ፣ በመኖሪያ ቤቱ አትክልት ቦታ በተከለው ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ብርሃኑን የተቀበለለት የመስተዋት ሰሌዳ ነበር። በ1969 ሲሲዲ በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ ወዲህ ሰሌዳውን ኤሌክትሮኒክ ገጽ እየተካው መጣ። ችግሩ ግን አልተለወጠም፤ ገጹ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ዘመም ቢል፣ በአንዱ ማዕዘን ነጥብ የሆኑት ከዋክብት በተቃራኒው ያብጣሉ።

ተርጓሚዎች ይህን ጉድለት «ዝንባሌ» ይሉት ይሆናል። ዝንባሌ ግን የልብ መሻትም ነው፤ የምድር ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ማዘንበልም ጉድለት አይደለም። ምሰሶ ሲያጋድል «ዘመመ» እንላለን፤ ቃሉ መድኀኒቱን «ማቃናት»ን አስከትሎ ይመጣል። «ዝማሜ»ን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቀድሞ ስለወሰደው፣ አርእስቱ «መዝመም» ይበቃል እንላለን።

ግሡ ባለቤቱን መጠየቁም ይጠቅማል፤ የዘመመው ምንድን ነው? ካሜራው በቴሌስኮፑ ላይ ዞሮ እንደገና ሲነሣ፣ የተበላሸው ማዕዘን በሥዕሉ ላይ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ ከተዛወረ የቴሌስኮፑ ወገን ነው። ብሎኖቹን ማጥበቅና ማላላት የሚጀመረው ይህ ከተለየ በኋላ ነው።