ሟች ድምፃውያንን መዘከር

ሟች ድምፃውያንን መዘከር፦ አድማጮች ያረፈን ዘፋኝ በለቅሶ፣ በጸሎትና ሥራዎቹን ደጋግሞ በማድመጥ የሚያስቡበት ልማድ።

መሠረቱ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ሙት በግጥም ይሸኛል። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስም፣ ወገንና ሙያ እያነሳች ቤት የሚመታ ስንኝ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። አርባውና ሙት ዓመቱ ደግሞ በጸሎትና በተዝካር ይታሰባሉ። የድምፃዊ ኀዘን የሚለየው የሟቹ ድምፅ ከቀብሩ በኋላም ስለሚሰማ ነው። መኪና ውስጥ የሟች ዘፈን ሲከፈት «ነፍስ ይማር» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ ወሬውም ዝግ ይላል።

ታዋቂ መታሰቢያዎች፦ ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕለት አርፎ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ ሕዝቡ ለሽኝቱ አደባባይ ሞልቶ አለቀሰ። የሬጌው ድምፃዊ ኢዮብ መኮንን ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በናይሮቢ አረፈ፤ ከሞቱ በኋላ የወጣው «እሮጣለሁ» አልበም ለአድናቂዎቹ መጽናኛ ሆነ። የጎንደሩ ማዲንጎ አፈወርቅ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል አረፈ፤ ዕለቱ ጥላሁን የተወለደበት ቀንም ነው።

በሌላው ዓለም፦ የሮክ ሙዚቀኛው ጆን ሌነን በ1980 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ተገደለ። አድናቂዎቹ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር በሴንትራል ፓርክ ተሰብስበው፣ ጊታር እየመቱ ዘፈኖቹን በኅብረት ያዜማሉ። ሙሾ ባይባልም ናፍቆቱ አንድ ነው፤ ሟቹን በገዛ ዜማው መጥራት።