«ሬይዝ» እና «ሪር»፦ በአንድ አገር ዳግም የተገናኙ መንትያ ግሦች



የዛሬው ንግግሬ «ሬይዝ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ማንሣት፣ ከፍ ማድረግ፣ ማሳደግ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ፍቺውን በአጭሩ ይዘጋዋል፤ አመጣጡ ግን የገዳም ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ያልነገሩንን የእንግሊዝ ታሪክ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ግሡ በመሠረቱ አስደራጊ ነው። እኛ «ተነሣ» ካለው «አስነሣ»ን፣ «አደገ» ካለው «አሳደገ»ን በቅድመ ቅጥያ እናወጣለን። ጥንታውያኑ የጀርመንኛ ቤተሰብ ቋንቋዎች ግን የሥሩን አናባቢ ለውጠው ድኅረ ቅጥያ ይጨምሩ ነበር፤ ዛሬ «ሲት» ተቀመጠ፣ «ሴት» አስቀመጠ መሆኑ የዚያ ሥርዓት ቅሪት ነው። «ተነሣ» ከሚለው «ራይዝ»ም በዚሁ መንገድ አስደራጊ ተገኘ፤ በሁለት ቤትም አደገ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሬራን»፣ በስካንዲኔቪያውያኑ ኖርስ ደግሞ «ሬይሳ» ተባለ። ከመጀመሪያው የዛሬው «ሪር» ወጣ። የ«ስ» እና የ«ር» መፈራረቅ እንግዳ ከመሰለን፣ «ነበር» እና «ነበሩ» የሚሉትን «ዎዝ» እና «ዌር» ልብ እንበል።

ቫይኪንጎች እ.ኤ.አ. በ793 የሊንድስፋርንን ገዳም ዘረፉ። በ878 ንጉሥ አልፍሬድ የዴኖቹን መሪ ጉትሩምን ኤዲንግተን ላይ ድል ካደረገ በኋላ ሁለቱ ወሰን ተካለሉ፤ ሰሜኑና ምሥራቁ በዴኖች ሕግ የሚተዳደር ምድር ሆነ። ዜና መዋዕሉ የሚያወሳው እሳትንና ግብርን ነው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዘራፊና በተዘራፊ መካከል ብቻ የሚተላለፍ ቃል ምን ዓይነት ይሆን ነበር? የመርከብ፣ የጦር፣ ምናልባትም የግብር ስም። «እነርሱ» ለማለት ዛሬ የሚነገረው «ዘይ» ሳይቀር ከኖርስ የመጣ ነው፤ ተውላጠ ስም ደግሞ በሰይፍ አይጫንም። ጎረቤት ሆነው አብረው ያረሱ፣ የተጋቡ ሰዎች አፍ ውስጥ ይለመዳል እንጂ።

«ሬይዝ»ም የዚሁ ጉርብትና ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ ኦርም የተባለ መነኩሴ በጻፈው «ኦርሙለም» ውስጥ ይገኛል፤ የጸሐፊው ስም ራሱ ኖርሳዊ ነው። እንግሊዝኛ የራሱ «ሪር» እያለው ለምን ሌላ ጨመረ? ችግር አልነበረበትም፤ ሁለቱ ቃላት እየተቀራረቡ አብረው ኖሩ፣ ከዚያም ሥራ ተከፋፈሉ። መጤው ብዙውን ወሰደ፦ ሙታንን ማስነሣት፣ ዋጋ መጨመር፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ እንደ እኛም አነጋገር ጥያቄ ማንሣት። ለነባሩ ከብትና ልጅ ማሳደግ ቀረለት፤ አሜሪካ ውስጥ ይህንንም መጤው ተሻምቶታል። ፈረስ በኋላ እግሮቹ ሲቆም ግን ዛሬም የሚነገረው «ሪር» ነው።