ከፋፋ እስከ አሚኖ አሲድ ዱቄት

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባ፣ ስብ ለመቀነስ ምግቡን አሳንሶ ሳለ፣ አሚኖ አሲድ የተባለውን ዱቄት መግዛት ይጠቅመው እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሁንና ጥያቄው የራሱ ታሪክ ያለው ሆኖ ስላገኘሁት ለአባላት ላቀርበው ወደድሁ። የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቲን ከ20 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ሲሆን፣ ዘጠኙን አካላችን ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። አሜሪካዊው ዊሊያም ሮዝ በ1940ዎቹ በፈቃደኛ ተማሪዎቹ ምግብ ውስጥ አንዱን አሚኖ አሲድ እያጎደለ፣ ወደ ሰውነት የሚገባውንና የሚወጣውን ናይትሮጅን ያመዛዝን ነበር። ከአስፈላጊዎቹ አንዱ ሲጎድል የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል፤ አካል የራሱን ሥጋ ይበላል ማለት ነው። ብረት ባለመቅረቡ ብቻ ሥራ የቆመበትን ሕንፃ ያየ መሐንዲስ ነገሩ አይከብደውም።

በአገራችን ይህ ዕውቀት ሥራ ላይ የዋለው ለማክሳት ሳይሆን ለማፋፋት ነበር። በ1960ዎቹ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር ለሕፃናት የተዘጋጀው ፋፋ፣ ስሙም እንደሚናገረው፣ ስንዴን ከጥራጥሬና ስቡ ከተለየ የወተት ዱቄት ጋር ያዋሐደ ነው። እህል ላይሲን ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮ ሲያጣምሩ ይህንኑ ያለ ሚዛን አድርገውታል።

ማክሳቱ የመጣው ከወደ አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከከብት ቆዳና ጅማት የተዘጋጀ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ እየጠጡ መክሳት ፋሽን ሆነ። ወዲያውም በ1977 እና በ1978 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ መሞታቸው ተመዘገበ፤ ብዙዎቹ ልባቸው ምቱ ተዛብቶ በድንገት ያረፉ ናቸው። ያ ፕሮቲን በተፈጥሮው ትሪፕቶፋን የለውም፤ አመጋገቡም ጉልበትና ማዕድን ያጠረው ነበር።

ታዲያ ለባልደረባዬ ምን ይባላል? ስብን የሚቀንሰው የምግብ ጉልበት ማነስ እንጂ አሚኖ አሲድ አይደለም። የፕሮቲን ጥቅም፣ ክብደት ከሚያነሣ ሰው ስቡ ሲሄድ ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ መከላከሉ ነው፤ ለዚህም በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ይመከራል። በየሱቁ የሚሸጡት ሦስቱ አሚኖ አሲዶች፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን፣ የቀሩት ስድስቱ ከሌሉ ጡንቻ አይሠሩም፤ በቂ ፕሮቲን ለሚበላም የሚጨምሩት እምብዛም ነው።

በዐቢይ ጾም ግን ሒሳቡ ይጠብባል። ባልደረባዬ 75 ኪሎ ስለሚመዝን 120 ግራም ፕሮቲን ይሻል። ይህን ከምስር ብቻ ያግኝ ቢባል ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ምስር፣ ማለትም ወደ 1,700 ኪሎ ካሎሪ፣ ያስፈልገዋል፤ እንጀራው፣ ዘይቱና አትክልቱ ገና አልተቆጠሩም። እዚህ ላይ ተጨማሪ ዱቄት ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ዘጠኙንም የያዘው የአኩሪ አተር ፕሮቲን እንጂ ሦስቱ ብቻ የታሸጉበት አይደለም። ይህንኑ በወረቀት አስልቼ ሰጠሁት፤ እርሱም ለጾሙ የአኩሪ አተሩን መረጠ፤ ለፍስኩ ወራት ግን እንቁላል ይበቃኛል አለ።