ሞክሼ ፊደላትና የተዘነጉ ፍቺዎች

በአማርኛ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሲጋሩ ሞክሼ ይባላሉ። ስማቸው ቢገጥምም ዘራቸው፣ መልካቸውና ግብራቸው ለየቅል ነው። የፊደል ገበታውም የራሱ ሞክሼዎች አሉት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ተናጋሪ አፍ እንደየረድፋቸው አንድ ድምፅ ሆነዋል። የጥንት መምህራን ግን ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥተውላቸዋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ አስተምረዋል። ስሙ የተወሰደው ፊደሉ ከሚገኝበት ቃል ነው። ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹን ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል። ሐመር በግእዝ መርከብ ማለት መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው፤ ቃሉ ከዕለታዊው ንግግር ወጥቶ በፊደል ስም ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል።

እንዲህ ተሸሽገው የቀሩ ፍቺዎች ብዙ ናቸው። በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል የሚሠራው ሰው ግሥ ሲሆን፣ ሰአለ ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሠዓሊ የቀለም ባለሙያ፣ ሰኣሊ ደግሞ ለማኝ ነው። (ሁለቱ በኑሮ የሚመሳሰሉበት ዘመን መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።) መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ፣ መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ትምህርትና ምሕረት የተለያዩት በዚች አንዲት ፊደል ነው። ኀለየ አሰበ ነው፤ ኅሊና የሚለው ቃል ከእርሱ ወጣ። ሐለየ ዘመረ ነው፤ ማሕሌት ከእርሱ ወጣ። ዓመት በዐይኑ ዐ የዘመን ቁጥር ስትሆን፣ አመት በአልፋው አ ዛሬ ማንም የማይናገራት የጥንት ቃል፣ ገረድ፣ ሴት አገልጋይ ማለት ናት።

ይህን ልዩነት «የደብተራ ወግ» ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። ሐሳቡ መሠረት የሌለው መሆኑን ለመረዳት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ውርጌሳንና መርሳን አቅፎ የሚገኘውን የሀብሩን ምድር መመልከት ይበቃል። ከዚህ በስተ ምዕራብ፣ ከወልድያ ባሻገር ባለው ደጋ ዋድላ ይገኛል። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ስለሆነ፣ የቆሎ ተማሪው የግሡን ፊደል እየለየ የሚያጠናበት አገር ነው። በዚሁ በየጁ ምድር ደግሞ ዳና አለ። ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሲሆን፣ ደረሳው ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጣ የሚቀራበት ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች በሃይማኖት ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ተገናኝተዋል፤ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፣ በአንድ አማርኛ እየተነጋገሩ፣ አንዱ በዐይን የሚለየውን ፊደል ሌላው በአፍ ይለየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁርአን የሚቀራ ደረሳ ሂጅራ፣ ሐጅ እና ኸይር የሚሉት ቃላት መነሻ ድምፆች ሦስት መሆናቸውን ይማራል። የመጀመሪያው ከደረት የሚወጣ ትንፋሽ ነው። ሁለተኛው ጉሮሮን ያጠብቃል። ሦስተኛው ላንቃን ይፍቃል። እነዚህ ሦስቱ የግእዙ ሀ፣ ሐ እና ኀ ናቸው። በዛሬው ጽሕፈት አብዛኛው ሰው በሐመሩ ሐ የሚጽፈው የሳምንቱ ቀን «ሐሙስ» በግእዝ ኀሙስ ነው፤ ዐረብኛውም ኸሚስ ይለዋል። የግእዙ እኅት በዐረብኛ ኡኽት ናት። ሠረቀና ሰረቀ በዐረብኛ ሸረቀና ሰረቀ ሆነው እስከ ዛሬ በድምፅ ተለያይተው ይኖራሉ። ዐይኑ ዐ ደግሞ ከሁሉ ይልቃል፤ በዐረብኛ የፊደሉ ስም ራሱ ዐይን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ ናቸው። የወሎ ሙስሊም ፀሐይ ከፍ ስትል የሚሰግደው ስግደት ሶላተ ዱሓ ይባላል። ሶላት የሚጀምረው በሷድ ነው፤ የጸሎት ጸ ማለት ነው። ዱሓ የሚጀምረው በዷድ ነው፤ ዱሓና ፀሐይም በሥራቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ተከታዩ ሐ እንኳ አልተለወጠም። አንድ የቤተ ክህነት መምህር ለሁለቱ ፊደላት መለያ እንዲሆኑ የመረጣቸው ሁለት ቃላት፣ በጎረቤቱ መስጊድ በአንድ ስግደት ስም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ይህን ማንም አስቦ ያቀናጀው አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ የቆየ ምንጭ የቀዱት ስለሆነ ብቻ የሆነ ነው። አማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል የጻፉት ሼኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛውን በሌላ ልብስ ሲያለብሱት፣ በእጃቸው የነበረው የፊደል ገበታ እነዚህን ድምፆች ለየብቻ የያዘ ነበር።

ሌላም ምስክር አለ። ትግርኛ ተናጋሪ ሐንና ሀን፣ ዐንና አን ዛሬም በአፉ ይለያቸዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጹት የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎችም ፊደላቱን አያደባልቁም። መደባለቁ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ድምፆቹ በተናጋሪው አፍ እየተዋሐዱ ሲሄዱ ነው። የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በ1865 በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው ጀርመናዊው አውግስት ዲልማን የብራና ጸሐፊዎች አንዱን ፊደል በሌላው መተካታቸውን ደጋግሞ አስተውሏል። ስለዚህ የዛሬው ጋዜጠኛ ጥፋት አዲስ አይደለም፤ የመቶ ዓመታት ዕድሜ አለው።

ከፊደል ጋር ፍቺም ይጓዛል። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ውርጌሳ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ሐይቅን ነው። በአማርኛ ሐይቅ የውሃው ስም ነው። በግእዝ ግን ሐይቅ ዳር፣ ጠረፍ፣ የውሃ ወሰን ማለት ነበር። ቃሉ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሀል ገባ ማለት ይቻላል። በዚያው በደሴቱ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ወንጌል ዕድሜው በጽሑፍ ከተመለከተ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከጥንታውያኑ ነው፤ የእኒህ አባት ስም ግን አንዱ መጽሐፍ ላይ «ሞአ» ሌላው ላይ «ሞዐ» ተብሎ ይታተማል። ፍቺው ድል ነሣ ነው። ጥቂት አልፎ ውጫሌ ይመጣል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድን፣ በጣሊያንኛው ግዴታን መያዙ፣ በአንዲት ግሥ ፍቺ ላይ ሀገር ከሀገር እንዴት እንደሚዋጋ አሳይቷል። በቃል ላይ መሟገት ለዚህ መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም።

በውርጌሳና በመርሳ ሜዳ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬም የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው። ግእዙ ሐረሰ ይላል፤ ዐረብኛውም ሐረሰ ይላል። አማርኛ ሐመሩን ሐ ጥሎ አረሰ አለ። ማረሻ የጥንቱ ማሕረስ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ አደባባይ ይዘውት የወጡት «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር በውስጡ አንዲት የሞተች ሐ ነበረችው፤ ማንም ግን አልሰማትም።

ይህችን የሞተች ሐ ሰምተው የመዘገቡ ሰዎች አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት፤ በኢየሩሳሌም ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን እያመሳከሩ ደከሙበት። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና አልታተመም። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ የፈጀ መጽሐፍ ነው። ቃላቱ የተደረደሩትም በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ ይኸውም ፊደሉን ከሴማውያን ዘመዶቹ ጋር ፊት ለፊት ለማቆም ይመቻል። የመምህሩ መጽሐፍ በርእሱ «ሐዲስ» የሚል ቃል ሲይዝ፣ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ያወጡት የራሳቸው መጽሐፍ ደግሞ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። ግእዙ ሐዲስ አማርኛ ሲሆን ዐዲስ ሆነ ማለታቸው ነው፤ ሐ ብትወድቅ እንኳ የወደቀችበትን ቦታ በዐይኑ ዐ ምልክት አድርገውበታል። የኋላው ጸሐፊ «አዲስ» ብሎ ሲጽፍ ምልክቱም ጠፋ።

ለተማረ ሰው ይህ ሁሉ ጣፋጭ ነው። ሆኖም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ጥያቄው ከሊቃውንት ማዕድ ወርዶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ከእርሻው ውሎ ደክሞ ለሚመጣ የአርባ ዓመት ገበሬ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ሆሄያት ናቸው። ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ከጸና ፀ አንዱን ብናስቀር 35 ሆሄያት ይቀንሳሉ። ለአንድ ድምፅ ሦስት ምልክት ለምን እንደሚማር ገበሬው ቢጠይቅ፣ አስተማሪው በቅን ልቡና የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ሐሳብ ያቀረበው በዚህ መንፈስ ነው። ደራሲውም ቀድሞ ነበር፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስሙን በመጽሐፉ ልባስ ላይ ያሳተመው በሃሌታው ሀ፣ «ሀዲስ» ብሎ ነው። የአካዳሚው ሐሳብ ግን ሕግ ሆኖ አልወጣም፤ ገበታው እንዳለ ቀጠለ።

ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አንዱን ወንበር ለሁሉ ሰው ለመስጠት ሲሞክሩ ነው። ፊደል ለሚቆጥር ጎልማሳ 35ቱን ሆሄያት ማዘግየት ፍትሕ ነው፤ ከመዝገበ ቃላትና ከታሪክ ጽሑፍ ማጥፋት ግን ምሥራቅን ከሌባ ጋር መቁጠር ነው። እንግሊዞች ባላባት ፈረሰኛን «ናይት» ሲሉ፣ ሌሊትንም «ናይት» ሲሉ፣ ዛሬ የማይነገር ፊደል በፈረሰኛው መነሻ ላይ ትተዋል። ልጆቻቸው ያማርራሉ፤ ፊደሉ ግን አለ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሚያውቅ መስሎ የሚያጌጥ ጽሕፈት ነው። ሰላም በእሳቱ ሰ ሲገባው ንጉሡ ሠ ያከብረዋል ተብሎ በየሰሌዳው «ሠላም» ይጻፋል። ጽሑፍ ዐረብኛው ሰሒፋ በሷድና በሐ የሚመሰክርለት ቃል ሆኖ ሳለ «ፅሁፍ» ይባላል፤ ሁለቱም ፊደላት ተዛብተዋል። ያልተማረው ገበሬ እንዲህ አላደረገም፤ ያደረገው የተማረው ነው።

ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከውበት አልፎ ወደ መዝገብ ቤት ገብቷል። መሣሪያው ሞክሼን አያውቅም፤ ፀሐይንና ጸሀይን ሁለት ቃል አድርጎ ይቆጥራል። ሀና ሃ፣ ሐና ሓ፣ ኀና ኃ በአማርኛ አንድ ስለሚነበቡ ፀሐይ በ12 መልክ ሊጻፍ ይችላል። ኃይለ ሥላሴ የተባለ ሰው ስሙ በ24 መልክ ሊመዘገብ ይችላል፤ በአንዱ መልክ የተመዘገበ በሌላው ሲፈለግ መዝገብ አገላባጩ የለም ሊል ይችላል። ሥላሴ ሠለስቱ፣ ሦስት ከሚለው ቁጥር የወጣ ነውና፣ ከሥሩ ጋር የሚገጥመው በንጉሡ ሠ ተጀምሮ በእሳቱ ሰ የሚጨርሰው ነው።